ከቦሌ እስከ ባሕር ዳር ስንት ሰዓት ነው?

(በራዲዮ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ለጊዜው ሲሰሙት ቀላል የሚመስል ነው። ይኸውም ከአንድ ከተማ የአይሮፕላን ማረፊያ እስከ ሌላው ከተማ የአይሮፕላን ማረፊያ ያለው ርቀት ምን ያህል እንደ ሆነ፥ ጉዞውም ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ መመርመር ነው። ምሳሌ አድርጌ የመረጥሁት ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ዳር ያለውን መንገድ ነው። ይህን የመረጥሁበት ምክንያት፥ ብዙዎቻችን በዚህ ከተማ በየመሥሪያ ቤታችን ተቀምጠን ስንሠራ ወላጆቻችንና ዘመዶቻችን ከዓባይ ወዲያ ስለ ሚኖሩ ነው። ደግሞም እኔ ራሴ ይህን ሒሳብ በመሳሳቴ የከፈልሁት ዋጋ አለ፤ እርሱን በቦታው እነግራችኋለሁ።

አንድ ሰው «ባሕር ዳር በአይሮፕላን ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ቢጠይቀን ሁላችንም ሳናስብ «አንድ ሰዓት ነው» ብለን እንመልሳለን። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ በጉዞ ቲኬቱ ላይ የሚጻፈውም ወደዚያው የተጠጋ ነው። ነገር ግን ጠያቂው ማወቅ የፈለገው ከቤቱ ወጥቶ ካሰበበት ቦታ መቼ እንደሚደርስ ሲሆን፥ እኛ የነገርነው አይሮፕላኑ በሩን በዚህ ማረፊያ ዘግቶ በዚያኛው እስኪከፍት ድረስ ያለውን ጊዜ ብቻ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ርቀቱ እንነጋገር። መሬት ክብ ስለ ሆነች በሁለት ቦታዎች መካከል ያለውን አጭር መንገድ ለማወቅ ከፈለግን በሉል ላይ ክር ወጥረን መለካት አለብን። እንዲህ ብንለካ ከቦሌ የአይሮፕላን ማረፊያ እስከ ባሕር ዳሩ፥ በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም እስከሚጠራው ማረፊያ ድረስ፥ ወደ 330 ኪሎ ሜትር ያህል እናገኛለን። አብራሪዎች ግን እንደ መርከበኞች ሁሉ የሚቈጥሩት በባሕር ማይል ነው። አንዱ የባሕር ማይል 1,852 ሜትር ነው፤ ስለዚህ መንገዱ በእነርሱ አቈጣጠር 180 ማይል ገደማ ይሆናል። በመኪና በደብረ ማርቆስ በኩል የሚሄድ ሰው ግን ወደ 550 ኪሎ ሜትር ይጓዛል።

ይህ ሁሉ ልዩነት ከየት መጣ? ክሩን በካርታው ላይ እንከተለው። ከቦሌ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲያቀና በመጀመሪያ ከተማውን ሰንጥቆ በእንጦጦ ጋራ ላይ ያልፋል። ከዚያም የሰላሌን ሜዳ አቋርጦ ዓባይን በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ይሻገርና፥ ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው በጮቄ ተራራ ላይ አድርጎ ወደ ጣና ይወርዳል። ጎሐ ጽዮንና ደጀን አንዱ ከሌላው ይተያያሉ ማለት ይቻላል፤ በቀጥታ ቢለካ በመካከላቸው ያለው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። አውቶቡሱ ግን ከአንዱ ተነሥቶ ሌላው እስኪደርስ ድረስ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይጠማዘዛል። ከአንድ ሺሕ ሜትር በላይ ቍልቍል ይወርዳል፤ በ2000 ዓ. ም. መጨረሻ በተከፈተው በሕዳሴ ድልድይ ላይ ይሻገራል፤ የወረደውንም ያህል እንደ ገና እያቃሰተ ይወጣል። አይሮፕላኑ በዚያ ሸለቆ ላይ የሚቈየው ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ነው። በመስኮት አጠገብ የተቀመጠ መንገደኛ ጋዜጣውን አንድ ጊዜ ገልጦ ቀና ሲል ጎጃም ገብቶ ያገኘዋል።

አሁን ወደ ጊዜው እንመለስ። አየር መንገዳችን ከ2002 ዓ. ም. ጀምሮ ለአገር ውስጥ በረራ የሚጠቀምባቸው ባለ ፕሮፔለር ቦምባርዲየር ኪው 400 አይሮፕላኖች ከፍ ያለው ፍጥነታቸው በሰዓት 360 የባሕር ማይል ያህል ነው። እንግዲህ 180ን ለ360 ብናካፍል ግማሽ ሰዓት ይመጣል። ታዲያ ቲኬቱ ስለ ምን አንድ ሰዓት ይላል?

ምክንያቱ ይህ ነው። አይሮፕላን እንደ ተወረወረ ቀስት ከመነሻው ጀምሮ በሙሉ ፍጥነቱ አይሄድም። መንገደኛው ገብቶ በሩ ከተዘጋ በኋላ በመሬት ላይ እያዘገመ ወደ ማኰብኰቢያው ይሄዳል፤ ከፊቱ ሌሎች ካሉ ተራውን ይጠብቃል። ሲነሣም ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ መነሣት አለበት። የቦሌ ማኰብኰቢያዎች የተዘረጉት ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለ ሆነ፥ ነፋሱ ከምሥራቅ በሚነፍስበት ጊዜ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው አይሮፕላን በመጀመሪያ የሚነሣው ባሕር ዳር ካለችበት አቅጣጫ ሌላ ወደ ሆነው ወደ ምሥራቅ ነው። እኔ የምኖረው በመሪ ሰፈር ነው። መሪ ደግሞ ከቦሌ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኝ ስለ ሆነች፥ እኔ ተሳፍሬ ስነሣ አይሮፕላኑ አስቀድሞ ወደ ቤቴ አቅጣጫ ይወስደኛል። በመስኮት የሰፈሬን ጣሪያዎች አያለሁ፤ ከዚያ በኋላ ነው ክንፉን አዘንብሎ ወደ እንጦጦ የሚዞረው። ከቤቴ ወጥቼ ቦሌ ለመድረስ አንድ ሰዓት የፈጀሁበትን መንገድ በአንድ ደቂቃ ሲመልሰኝ ባየሁ ቍጥር ሳቅ ይመጣብኛል።

ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። የቦሌ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው። በእንዲህ ያለ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ክንፉ የሚደገፍበት፥ ሞተሩም የሚተነፍሰው አየር ያንሳል። ስለዚህ አይሮፕላን ከቦሌ ለመነሣት በባሕር ዳርቻ ካለ ማረፊያ ይልቅ ረጅም ሩጫ ያስፈልገዋል። አንደኛው የቦሌ ማኰብኰቢያ 3,800 ሜትር ርዝመት ያለው በከንቱ አይደለም። በ1955 ዓ. ም. ጄቶች ወደ አገራችን ሲመጡ የልደታው የቀድሞ ማረፊያ ሊያስተናግዳቸው ባለመቻሉ ቦሌ የተሠራውም ስለዚሁ ነው። ወደ መድረሻው ሲቃረብ ደግሞ አይሮፕላኑ ገና በጎጃም ደጋ ላይ ሳለ ፍጥነቱን እያበረደ መውረድ ይጀምራል፤ ከማኰብኰቢያው ጋራ ለመስተካከልም ጥቂት ይዞራል። በዚህ ሁሉ ግማሹ ሰዓት አንድ ሰዓት ይሆናል።

አባቶቻችን ይህን የመሰለ ችግር አልነበረባቸውም። ስለ መንገድ ሲጠያየቁ ርቀቱን ትተው «ስንት ቀን ያስኬዳል?» ይሉ ነበር፤ መልሱም «የሦስት ቀን መንገድ ነው»፥ «የግማሽ ቀን መንገድ ነው» የሚል ነበር። በዚህ መልስ ውስጥ ዳገቱም፥ በቅሎዋ የምትግጥበት ጊዜም፥ የሚታደርበት ቤትም ተቈጥሯል። ክረምት ከሆነ ደግሞ መልሱ ይለወጣል፤ ዓባይ ሞልቶ ሰው አያሻግርምና። እኛ ግን ኪሎ ሜትር ካወቅን በኋላ ዳገቱን ረሳነው፤ አይሮፕላን ካገኘን በኋላም ወደ አይሮፕላኑ የሚያደርሰውን መንገድ ከቍጥር አወጣነው።

አሁን የራሴን ነገር ልንገራችሁ። ልጅ ሳለሁ ያሳደገችኝ አክስቴ ባሕር ዳር ትኖር ነበር። አንድ ቀን ከምሽቱ በሦስት ሰዓት ልጅዋ በስልክ ደወለልኝ። «ጋሼ፥ እማዬ ዐረፈች። ቀብሩ ነገ በስድስት ሰዓት ነው፤ ይደርሳሉ ወይ?» አለኝ። እኔም እንባዬን እየጠረግሁ፥ «በአይሮፕላን አንድ ሰዓት አይደለም እንዴ! ሳልደርስ እንዳትቀብሯት» ብዬ መለስሁለት። በዚያው ሌሊት ከጧቱ በሁለት ሰዓት ተኩል በሚነሣው በረራ ቦታ አገኘሁ። በሁለት ሰዓት ተኩል ብነሣ በሦስት ሰዓት ተኩል እደርሳለሁ፤ ለቀብሩ ገና ሁለት ሰዓት ተኩል ይቀረኛል ብዬ ዐሰብሁ። ሒሳቡ ምንም ስሕተት ያለበት አልመሰለኝም።

ከጧቱ አንድ ሰዓት ላይ ከመሪ ወጣሁ። ያ ሰዓት የሠራተኛውና የተማሪው ሁሉ ሰዓት መሆኑን ማንም ያውቃል፤ እኔም በየቀኑ የምመላለስበት ስለ ሆነ ከሁሉ ይልቅ ላውቀው ይገባኝ ነበር። ነገር ግን ልቤ ባሕር ዳር ደርሶ ስለ ነበረ ጉርድ ሾላንና መገናኛን ጨርሶ ዘነጋኋቸው። ታክሲው በጉርድ ሾላ ቆመ፤ በመገናኛም ቆመ። ሹፌሩ ኀዘኔን ስላወቀ ጥሩምባውን አብዝቶ ቢነፋም የሚከፈት መንገድ አልነበረም። በሁለት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ማረፊያው ደረስሁ። በመግቢያው ዕቃ የሚፈተሽበት ሰልፍ አለ፤ እርሱን አልፌ ከመመዝገቢያው ስደርስ ሁለት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። እዚያ የነበረችው ወጣት አንገትዋን ደፍታ፥ «አባቴ፥ ምዝገባው ተዘግቷል» አለችኝ። ልጂቱ ሥራዋን ሠራች፤ እርሷን የምወቅስበት ነገር የለኝም። ከውጭ ቆሜ ሳለሁ እኔ ልሳፈርበት የነበረው አይሮፕላን ተነሥቶ ወደ መሪ አቅጣጫ ሲሄድ አየሁት።

ቀጥሎ ቦታ የተገኘልኝ ከቀኑ በስምንት ሰዓት በሚነሣው ነው። ባሕር ዳር በዘጠኝ ሰዓት አርፌ ከለቅሶው ቤት ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ አምስት ሆኖ ነበር። ካህናቱና ዕድርተኛው ሬሳውን አቁመው እስከ ሰባት ሰዓት ድረስ ጠብቀውኝ ኖሯል፤ ከዚያ በላይ መጠበቅ ስላልተቻለ ቀበሯት። እኔ ስደርስ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ በድንኳኑ ውስጥ እህል እየቀመሰ ነበር። ከቤቴ ከወጣሁ ስምንት ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ሆነ ማለት ነው። በዚያን ዕለት ከሌሊቱ በአሥራ አንድ ሰዓት በአውቶቡስ የተነሣ መንገደኛ ቢኖር፥ እኔ በደረስሁበት ሰዓት እርሱም ከከተማው መግቢያ ላይ በተገኘ ነበር።

ኀዘኑ ጥቂት ከበረደልኝ በኋላ ወረቀት አውጥቼ ሒሳቡን እንደ ገና ሠራሁት። ለጧቱ በረራ የሚሄድ የመሪ ሰው ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከቤቱ መውጣት አለበት። በዚያ ሰዓት መንገዱ ገና ስላልተጨናነቀ ቦሌ በግማሽ ሰዓት ይገባል። በተለምዶ እንደሚመከረው በረራው ከሚነሣበት ሁለት ሰዓት ያህል ቀድሞ ይገኛል። በሦስት ሰዓት ተኩል ያርፋል፤ ዕቃውን ተቀብሎ ከተማ እስኪገባ ድረስ አራት ሰዓት ከሩብ ይሆናል። ይህ ነገር ሁሉ በደኅና ከሆነ ነው፤ ጉም ካለ ወይም ዝናብ ከበረታ ሌላ ነው። በጠቅላላው አምስት ሰዓት ያህል መሆኑ ነው። በሉሉ ላይ የወጠርነው የ180 ማይል ክር የሚጠይቀው ግማሽ ሰዓት ከዚህ ውስጥ አንድ አሥረኛው ብቻ ነው። የቀረውን ዘጠኝ እጅ የምናጠፋው በመሬት ላይ ቆመንና ተቀምጠን፥ ወይም ለመውጣትና ለመውረድ ስንዘጋጅ ነው።

ይህም ሁሉ መንገዱ ክፍት የሆነ እንደ ሆነ ነው። ሰማይ ዝግ በሚሆንበት ጊዜ ሒሳቡ ከናካቴው ይለወጣል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ ወር 1938 ዓ. ም. ተቋቁሞ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ. ም. የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ሲያደርግ የሄደው በአሥመራ በኩል ነበር። ከአዲስ አበባ እስከ አሥመራ ወደ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አቅጣጫውም ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን ነው ለማለት ይቻላል። በ1990 ዓ. ም. በሁለቱ አገሮች መካከል ጦርነት ሲነሣ በረራው ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ ለሃያ ዓመታት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አሥመራ የሚገባ ሰው በሦስተኛ አገር መዞር ነበረበት። በካይሮ በኩል ቢሄድ እስከ ካይሮ ወደ 2,460፥ ከካይሮም ተመልሶ እስከ አሥመራ ወደ 1,800 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። 700 የነበረው ከ4,200 በላይ ሆነ ማለት ነው። የካርታው ክር አልተለወጠም፤ አሥመራም ከቦታዋ ፈቀቅ አላለችም። ለብዙዎች ግን ይህም ዙሪያ ጥምጥም መንገድ አልተገኘም። እናት በአንዱ ከተማ ልጅ በሌላው ሆነው፥ አንዱ የሌላውን ቀብር በወሬ ብቻ የሰሙ ቤተ ሰቦች ጥቂቶች አይደሉም።

ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ. ም. በረራው እንደ ገና ሲጀመር በአንድ ቀን ሁለት አይሮፕላኖች ተከታትለው መነሣታቸው ምን ያህል ሰው ይጠባበቅ እንደ ነበረ ያስረዳል። በማረፊያው ውስጥ ተቃቅፈው የሚያለቅሱትን ሰዎች ሥዕል ያላየ ያለ አይመስለኝም። ለእነዚያ ሰዎች ጉዞው ስንት ሰዓት ፈጀ ብንል፥ የበረራው ጊዜ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ እነርሱ የቈጠሩት ግን ሃያ ዓመት ነው። ይህም በረራ በ2016 ዓ. ም. ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዳግም ተቋረጠ።

ከአገር ሳንወጣም ምሳሌ አለ። መቀሌ ከቦሌ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ተቋርጦ የቈየው በረራ የተጀመረው፥ በጥቅምት 2015 ዓ. ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ፥ ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ. ም. ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ መግቢያ ላይም በአማራ ክልል ግጭት በመነሣቱ ወደ ክልሉ ከተሞች የሚደረገው በረራ ለጥቂት ቀናት ቆሞ ነበር። በእነዚያ ቀናት ባሕር ዳር ስንት ሰዓት ነው ብሎ ለሚጠይቅ ሰው የሚሰጠው መልስ «አይታወቅም» የሚል ብቻ ነበር።

ወደ ዕለት ሥራችን ስንመለስ፥ የየመሥሪያ ቤቱ አለቆች ይቅር ይበሉኝና፥ ይህን የአንድ ሰዓት ሒሳብ ከእኔ ይልቅ የሚወዱት እነርሱ ናቸው። «በረራው አንድ ሰዓት ነው» ተብሎ ስብሰባው በአራት ሰዓት ይጠራል። ከዚያም ሠራተኛው ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ አድሮ፥ ዐይኑን እያሸ ከስብሰባው ይገባል፤ ማታውኑ እንዲመለስም ይታዘዛል። ለውሎ አበል ሒሳብ የሚሞላው ቅጽ የመነሻና የመድረሻ ሰዓት ይጠይቃል እንጂ ከቤት የወጡበትን ሰዓት የሚጽፉበት ቦታ ያለው ቅጽ እኔ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። አንድ መሥመር ቢጨመርበት የሚጠፋው ቀለም ጥቂት ነው።

ወደ ፊትም ነገሩ የበለጠ ማሰብን ይጠይቃል። በቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ በሚባለው ቦታ፥ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ እጅግ ታላቅ የሆነ የአይሮፕላን ማረፊያ ለመሥራት መታቀዱን ሰምታችኋል። ለአገሪቱ የሚሰጠው ጥቅም ብዙ ነው፤ ቦሌ ለሚመጣው መንገደኛ ሁሉ እንደማይበቃ የሚያስታውቅ ነው። ይሁን እንጂ ወደ ውጭ አገር ለሚሄድ የመሪ ወይም የእንጦጦ ግርጌ ነዋሪ ከቤቱ እስከ አይሮፕላኑ ያለው መንገድ ይረዝምበታል። ማረፊያው በሚሠራበት ጊዜ ወደ እርሱ የሚያደርሰውን ፈጣን መንገድም አብሮ ማሰብ ከማኰብኰቢያው ርዝመት ያልተናነሰ ነገር ነው።

የአክስቴ አርባ ሲደርስ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከመሪ ወጣሁ። መንገዱ ባዶ ስለ ነበረ ቦሌ የገባሁት በሃያ አምስት ደቂቃ ነው። በረራው እስኪደርስ ድረስ ሦስት ሰዓት ያህል በወንበር ላይ ተቀመጥሁ፤ ጊዜው ረዘመብኝ አልልም። አይሮፕላኑ እንደ ልማዱ ወደ ሰፈሬ አቅጣጫ ተነሥቶ ዞረ፤ ዓባይን ተሻገርን፤ ጮቄን አለፍን። ከቤታቸው ስደርስ ካህናቱ ገና አልመጡም፤ የአክስቴ ልጅ በደጅ ወንበር ሲደረድር አገኘሁት። ሰዓቱን አየና፥ «ጋሼ፥ ዛሬስ ቀደሙን» አለኝ።